ትንሽ ቁስል፣ ከባድ ሕመም፦ ስለ ቶክሲክ ሾክ የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀይሌ ጋርመንት፣ ስሙ ራሱ የእጅ ሥራን የሚያስታውስ ሰፈር ነው። ጋርመንት የሚለው የባዕድ ቃል የልብስ ስፌትን ያመለክታል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ በጃን ሜዳ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ወደዚሁ አካባቢ ስለ ተዛወረ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያወርደው፣ የሚሸከመውና የሚቸረችረው ሕዝብ ተጨምሮበታል። በእነዚህ ሥራዎች ከተሰማሩት መካከል ወጣት ሴቶችና ልጆቻቸውን በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። ረጅም ሰዓት ቆመው ወይም ከመኪናው ፊት ተቀምጠው ይውላሉ፤ ጣታቸውን መርፌ ወይም ቢላዋ ይወጋቸዋል፤ የወር አበባቸው ሲመጣም መታጠቢያና መለወጫ ስፍራ ማግኘት አይቀላቸውም። ለዚህ እትም የጤና ትምህርታችንን ስናዘጋጅ በዐይነ ኅሊናችን ፊት የነበሩት እነዚህ እኅቶቻችን ናቸው።

የመረጥነው ሕመም በሕክምና ቋንቋ ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም ይባላል። ከመጀመሪያው በግልጽ እንናገር፤ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ከአንባብያን አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ ሰው እንኳ በዚህ ታሞ ላያዩ ይችላሉ። ታዲያ ወባና ተቅማጥ፣ የሳንባ ነቀርሳና የደም ግፊት እያሉ ስለ ምን ይህን አነሣን? ምክንያታችን ሁለት ነው። ሕመሙ ጤነኛ የነበረን ወጣት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን ብዙዎች ይድናሉ። ደግሞም ይህን ሕመም የሚከላከለው ልማድ፣ ይኸውም የእጅ መታጠብ፣ የቁስል አያያዝና የወር አበባ ንጽሕና፣ በየዕለቱ ከሚያጠቁን ሌሎች ብዙ ሕመሞችም ይጠብቀናል።

ሕመሙ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ የሚሠሩ ጄምስ ቶድ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስለ ሰባት ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጡ። ልጆቹ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሚሆኑ ነበሩ። ሁሉም በድንገት ከፍተኛ ትኩሳት ያዛቸው፤ ቆዳቸው ቀላ፤ አስመለሳቸው፤ አስቀመጣቸው፤ የደም ግፊታቸውም ወደቀ። ሐኪሞቹ የሕመሙን ምንጭ ስታፊሎኮከስ አውሬስ ከተባለው ባክቴሪያ አገኙት፤ ሕመሙንም ዛሬ በሚጠራበት ስም ሰየሙት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በዚያው አገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በወር አበባቸው ቀናት በዚህ ሕመም ተያዙ፤ የሞቱም ነበሩ። ምርመራው ሲካሄድ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ታምፖን ይጠቀሙ እንደ ነበር ታወቀ። ታምፖን በብልት ውስጥ ገብቶ ደምን የሚመጥ ጥጥ መሰል ነገር ነው። በተለይ ሪላይ የሚል ስም የነበረው፣ እጅግ ብዙ ፈሳሽ እንዲመጥ ሆኖ የተሠራ ታምፖን ከሕመሙ ጋር ጠንካራ ዝምድና ስለ ታየበት በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ከገበያ ወጣ። እጅግ መጣጭ የሆነው ዕቃ ለረጅም ሰዓት ሳይለወጥ ይቆያል፤ ለባክቴሪያውም መራቢያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች የመምጠጥ ኃይሉን እንዲቀንሱና ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ በመደረጉ የታማሚዎች ቁጥር እጅግ ወረደ።

ይህ ታሪክ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ትቶ አልፏል፤ ሕመሙ የታምፖን ሕመም ብቻ ይመስላል። በአገራችን ታምፖን የሚጠቀሙ ሴቶች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ ነገሩ እኛን አይመለከተንም የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ሕፃናት መካከል ወንዶችም እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም። ዛሬ ከሚታወቁት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ሕመሙ የሚይዛቸው ከወር አበባ ውጭ በሆነ ምክንያት፣ በተለይም በቃጠሎ፣ በቀዶ ጥገና ቁስል፣ ከወሊድ በኋላ በሚመጣ መመረዝ፣ በእባጭ፣ ወይም ነስርን ለማቆም በአፍንጫ ውስጥ ተወትፎ በቆየ ጥጥና ፋሻ ነው።

መርዙ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው

ስታፊሎኮከስ አውሬስ እንግዳ ፍጥረት አይደለም። ከሦስት ሰዎች በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል፤ በቆዳ ላይም ይገኛል። ከዘሮቹ አንዳንዶቹ ግን መርዝ ያመነጫሉ። አብዛኛው ሰው እስከ ጉልምስናው ድረስ ይህን መርዝ የሚያመክን መከላከያ በደሙ ውስጥ ያፈራል፤ ሕፃናትና ወጣቶች ግን ገና ያላፈሩ ይበዙባቸዋል። ሕመሙ በእነርሱ ላይ የሚበረታው ስለዚህ ነው።

መርዙ የሚገድልበት መንገድ አስገራሚ ነው። የሰውነታችን የመከላከያ ሴሎች እንደ ዘበኞች ናቸው እንበል። በተለመደው ጊዜ አንድ ጠላት ሲገባ ያንን ጠላት ለይተው የሚያውቁት እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ይነሣሉ፤ ከ10,000 አንዱ እንኳ ላይነሣ ይችላል። ይህ መርዝ ግን ከመካከላቸው እስከ 20 በመቶ የሚደርሱትን በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል። የሰፈር ዘበኛ ሁሉ በሌሊት ተነሥቶ ሌባውን ሳያይ ቢተኩስ የሚጎዳው ባለቤቱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ እነዚህም ሴሎች የሚረጩት ኃይለኛ ቅመም የደም ሥሮችን ያላላል፤ ከደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊት፣ ጉበትና አንጎል በቂ ደም ያጣሉ። ሾክ የሚባለው ይህ የደም ዝውውር መውደቅ ነው።

ምልክቶቹና ምች የሚለው ስም

ሕመሙ የሚጀምረው በድንገት ነው። ከ38.9 ዲግሪ የሚበልጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ማስመለስና ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ይከተላሉ። ታማሚው ሲቆም ያዞረዋል፤ ይወድቃል፤ ግራ የተጋባ ንግግር ይናገራል፤ ሽንቱ ይቀንሳል። ዐይንና አፍ ይቀላሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላም የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ይላጣል፤ ይህ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት በመሆኑ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም።

የሕክምና መጻሕፍት የቆዳውን መቅላት ፀሐይ ካቃጠለው ቆዳ ጋር ያመሳስሉታል። ይህ ምሳሌ የተጻፈው ነጭ ቆዳ ላላቸው ሰዎች ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፣ የዐይን ሽፋንን የውስጥ ክፍል፣ ምላስንና ከንፈርን፣ መዳፍንና የእግርን ውስጥ ማየት፣ የደረትንና የሆድን ሙቀትም በእጅ ጀርባ መዳሰስ ይገባል። ሰውነቱ አልቀላምና ይህ ሕመም አይደለም ብሎ መደምደም በእኛ አገር አደገኛ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። መርዙ የሚመነጭበት ቁስል ብዙ ጊዜ መግል የሌለው፣ ያላበጠ፣ ሊድን የተቃረበ የሚመስል ነው። እናት የልጇን እጅ አይታ ቁስሉ ደህና ነው፤ ትኩሳቱ ከሌላ ነው ልትል ትችላለች።

በየቤታችን ድንገተኛ ትኩሳት ሲመጣ ምች ነው ይባላል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፤ ሕመምተኛው ተሸፋፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል። ዳማከሴን የምናነሣው አያቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለቀላል ጉንፋን የሚያጽናና ነገር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ትኩሳት ከማስመለስና ከማዞር ጋር አብሮ ሲመጣ፣ ከዚያም ላይ ሰውየው ቁስል ወይም ቃጠሎ ካለበት፣ ሴቲቱ በወር አበባ ላይ ከሆነች ወይም በቅርቡ ከወለደች፣ ምች የሚለው ስም ሰዓት የሚያባክን ስም ይሆናል። እንደዚሁም ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብሎ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ቤት መተኛት አይበቃም፤ ይህን ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሳሲሊን ብቻውን አያሸንፈውም፤ አስቀድሞ የተረጨውንም መርዝ አያነሣውም።

ስለ ወር አበባ በግልጽ መናገር

ከላይ ስለ ታምፖን ያልነውን እናጥራ። በውጭ የሚደረገው የንጽሕና መጠበቂያ፣ በተለምዶ ሞዴስ የምንለው፣ እንዲሁም ንጹሕ ጨርቅ፣ ከቶክሲክ ሾክ ጋር እምብዛም አይያያዝም። አደጋው የሚበረታው አንድ ነገር ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቆይ ነው። ስለዚህ በቸገራት ጊዜ ጥጥ፣ ስፖንጅ ወይም የጨርቅ ቁርጥራጭ ወደ ውስጥ የምታስገባ ሴት፣ የታወቀ ታምፖን ከምትጠቀመው ይልቅ ልትጠነቀቅ ይገባታል፤ በእጅ የተሠራው ነገር ክር ስለሌለው ተረስቶ ሊቀር ይችላልና። ታምፖን የሚጠቀሙ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለውጡት፤ ደማቸው ከሚያስፈልገው በላይ የሚመጠውን አይምረጡ፤ ሌሊት ቢቻል በሞዴስ ይተኩት። በቅርብ ዓመታት የመጣው የወር አበባ ጽዋም በታጠበ እጅ ሊገባና ሊወጣ፣ በየጊዜው ሊታጠብና ሊቀቀል ይገባዋል። አንድ ጊዜ በዚህ ሕመም የተያዘች ሴት ሕመሙ ሊመለስባት ስለሚችል ታምፖንን ፈጽሞ ትተወው።

ጨርቅ የምትጠቀም እናት ወይም ልጅ በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ ታስጣው። በኀፍረት ምክንያት ከአልጋ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ ውስጥ ተደብቆ የሚደርቅ ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ይውላል፤ ከቶክሲክ ሾክ ይልቅ ሌሎች የማሕፀንና የሽንት ቧንቧ መመረዞችን ያመጣል። በዚህ ረገድ አንዲት ኢትዮጵያዊት የሠሩትን መጥቀስ ተገቢ ነው። የኬሚካል መሐንዲስ የሆኑት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል መጠበቂያ ነድፈው በመቀሌ ማርያም ሰባ የተባለ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ልጃገረዶች በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩና እንዳያፍሩም ትምህርት በመስጠት ስለ ደከሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሰየማቸው። ስፌት ባለበት ሰፈር ለምንኖር ለእኛ ይህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ልብስ መስፋት የሚችል እጅ በቁምስናው ውስጥ ካለ፣ ከንጹሕ ጥጥ ጨርቅ እንዲህ ያለውን መጠበቂያ ማዘጋጀት የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ኀፍረቱ ከየት እንደ መጣም መጠየቅ አለብን። በአገራችን ብዙ ሴቶች በወር አበባቸው ቀናት ራሳቸውን እንደ ርኩስ ይቆጥራሉ፤ ስለ ሕመማቸውም ለማንም አይናገሩም። ለካቶሊክ አንባብያን አንድ ጥንታዊ ምስክር እናቅርብ። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ታላቁ ወደ እንግሊዝ አገር የላኳቸው ቅዱስ አውግስጢኖስ ዘካንተርበሪ ስለዚህ ጉዳይ ጠይቀዋቸው ነበር። ቅዱስ ቤዳ በታሪክ መጽሐፋቸው እንደ መዘገቡት የር.ሊ.ጳጳሳቱ መልስ፣ ሴት በወር አበባዋ ምክንያት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባት ልትከለከል አይገባም፣ ቅዱስ ቁርባንንም ከመቀበል እንዳትከለከል የሚል ነበር። ምክንያታቸውም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈችው፣ ለ12 ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት ናት፤ የጌታችንን ልብስ በመንካቷ አልተወቀሰችም። እኛም ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንላለን፤ ያቺ ሴት ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትዞር ገንዘቧን ሁሉ ጨርሳ ነበር። የሴት ደም ከቤት ውስጥ ምስጢርነት ወጥቶ የሚነገርና የሚታከም ጉዳይ መሆኑን ወንጌሉ ራሱ አላፈረበትም።

በሥራ ቦታም ያለው ችግር ከዚህ አይለይም። ከስፌት መኪናዋ ለመነሣት ፈቃድ የምትለምን፣ ውሃ የሌለበት መጸዳጃ ቤት የምታገኝ ልጅ በየስንት ሰዓቱ ለውጪ ብንላት ምን ይጠቅማታል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ር.ሊ.ጳጳሳት ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ርሩም ኖቫሩም በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ሥራ ከሠራተኛው ኃይል በላይ እንዳይሆን፣ የሴቶችም ሁኔታ እንዲታሰብ አስተምረዋል። ከምእመናን መካከል ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ካሉ፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ የሚዘጋ በርና ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መሆኑን እንዲያስቡ እንጠይቃለን።

ቃጠሎና ሕፃናት

በእኛ አመለካከት በአዲስ አበባ ቤቶች ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው መንገድ ቃጠሎ ነው። ከሰል ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ረከቦቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ጀበናውና የሚንተከተከው ሽሮ ልጅ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። በዚህ ሕመም የሚያዙት ሕፃናት ትልቅ ቃጠሎ የደረሰባቸው ብቻ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በትንሽ ቦታ በፈላ ውሃ የተቃጠሉ ናቸው። ቃጠሎው ከደረሰ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ሕፃኑ በድንገት ይተኩሳል፤ ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ሰውነቱ ይዝላል። ሽፍታም ስለሚታይበት ኩፍኝ ሊመስል ይችላል።

ቃጠሎ ሲደርስ በቶሎ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። በረዶ አያስፈልግም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ የቡና አተላ፣ ጭቃ አይቀባ፤ እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን ያፍናሉ፤ ባክቴሪያም ይጋብዛሉ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ ከባዱ ቃጠሎ እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል። ወላጆች ልጁ ታክሞ ከተመለሰ በኋላም ለአንድ ሳምንት ትኩሳቱን ይከታተሉ፤ ከተኮሰም ቃጠሎ እንደ ነበረበት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከወሊድ በኋላ፣ እንዲሁም ሌላው ባክቴሪያ

ቶክሲክ ሾክን የሚያመጣ ሁለተኛ ባክቴሪያ አለ፤ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል፤ የጉሮሮ ቁስለት የሚያመጣው እርሱ ነው። ይህኛው ይበልጥ ገዳይ ነው። ከሚያዙት መካከል 30 በመቶና ከዚያም በላይ ይሞታሉ። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 ዓመቱ ሳይጋመስ፣ እስከ ጁን መጀመሪያ፣ 977 ሰዎች መያዛቸው ተመዝግቦ ነበር፤ በቀደመው ዓመት በሙሉ የተመዘገቡት 941 ነበሩ። የዚህኛው ዋና ምልክት ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ከባድ ሕመም ነው። ጭረቱ ትንሽ ሆኖ ታማሚው በሕመም የሚጮህ ከሆነ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ማስተኛት አይገባም።

እናቶችን ከወሊድ በኋላ ሲገድል የኖረውም ብዙ ጊዜ ይኸው ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና የሚሠሩ ኢግናዝ ሰመልቫይስ የተባሉ ሐኪም አስከሬን መርምረው የሚመጡ ሐኪሞች ወላዶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዙ፤ በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱበት የነበረው ክፍል በሁለት ወር ውስጥ ወደ 2 ወረደ። አራስን የሚጠይቅና የሚያገለግል ሁሉ ይህን ያስብ። ገንፎ ይዞ መሄድ መልካም ነው፤ ጉሮሮውን የሚያመው ወይም እጁ ላይ እባጭ ያለበት ግን ለጊዜው ከአራስ ቤት ይራቅ። በአራስነት የሚመጣ ትኩሳት፣ ከዚህም ጋር የሆድ ሕመምና ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው።

ቢጠረጠር ምን ይደረግ?

በውስጥ የገባ ታምፖን ወይም ሌላ ነገር ካለ ወዲያው ይውጣ። ታማሚው ጋደም ብሎ እግሩ ከፍ ይበል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939 ይጠራል። ሆስፒታል እንደ ደረሱ ሐኪሙ ሳይጠይቅ የሚነገር ነገር አለ፤ ትኩሳቱ የጀመረበት ሰዓት፣ በሰውነት ላይ ያለ ቁስል ወይም ቃጠሎ፣ የወር አበባ ወይም የቅርብ ወሊድ፣ የተወሰደ መድኃኒት። በተለይ ባል ወይም አባት ይዟት የመጣ ሴት ስለ ወር አበባዋ ለመናገር ልታፍር ስለምትችል፣ ከነርሷ ጋር ብቻዋን እንድትነጋገር ዕድል ይሰጣት። በሆስፒታሉ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ ቁስሉ ይጸዳል፤ የባክቴሪያውን መርዝ ማምረት የሚያቆመው ክሊንዳማይሲን ከሌላ ፀረ ባክቴሪያ ጋር ተጣምሮ ይታዘዛል፤ የከፋበትም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይተኛል።

ለካቴኪስቶች

ይህን ትምህርት በአንድ ሰዓት ለመጨረስ ባትሞክሩ ይሻላል። ስለ ቃጠሎና ስለ ምች የተጻፈውን ከጉባኤው ሁሉ ጋር፣ ወንዶች ባሉበት አስተምሩ፤ ስለ ወር አበባ የተጻፈውን ግን በመጀመሪያ ለልጃገረዶችና ለእናቶች አንዲት ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቢገኙም በሕክምና ሥራ ላይ ካሉት ደናግል አንዷ ታስተምር። ከዚያ ለአባቶች ይነገር፤ የሞዴስን ዋጋ ከቤት ወጪ የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና፣ ሌሊት አምቡላንስ የሚጠሩትም እነርሱ ናቸው። ር.ሊ.ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 የመሠረቱት የዓለም የሕሙማን ቀን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት ወር መጀመሪያ ላይ ስለሚውል፣ ለትምህርቱ የተመቸ ቀን ይሆናል። ጥያቄ በቃል መጠየቅ የሚያሳፍራቸው በወረቀት ጽፈው ስም ሳይጠቅሱ በሣጥን እንዲያስገቡ አድርጉ። ሁለቱን የስልክ ቁጥሮች ደግሞ በትልቅ ጽሕፈት ጽፋችሁ በቁምስናው ማስታወቂያ ሰሌዳና በሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ ለጥፉ።